ጋሽ ዩሪያ እና የእናቴ ጎደሬ

አባቴን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው በሚሸጠው ማዳበሪያ ስም ነበር። ጋሽ ዩሪያ ይሉታል። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የምናውቀው እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔና ምናልባት የሱቁን ፈቃድ የሚያድሱለት ሰዎች ብቻ ነበርን። እኔም "የጋሽ ዩሪያ ልጅ" እየተባልኩ ስላደግሁ፣ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መምህሯ ስሜን ከነአባቴ ስትጠራ ሌላ ልጅ የተጠራ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ ፈልጌአለሁ።

ሱቁ ከገበያው ጥግ፣ ሚስማርና አካፋ ከሚሸጠው ሰውዬ ቀጥሎ ነበር። በሩ ተከፋች ቆርቆሮ ነው። ውስጡ እስከ ጣራው ድረስ የማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮበታል፤ እርጥበት እንዳያገኘው ከሥሩ ጣውላ ተረብርቧል። መሃል ላይ አባቴ በየጠዋቱ በጨርቅ የሚወለውለው ሚዛን ቆሟል። ዝናብ ሲጥል ሱቁ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ነበረው። ዛሬም ያ ሽታ የሆነ ቦታ ድንገት ሲያገኘኝ እግሬ ቀጥ ይላል።

ከሱቁ ጀርባ ቤታችን፣ ከቤታችን ጀርባ ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙ ዳር የእናቴ ማሳ ነበር። እርጥቡ ታችኛው ክፍል ላይ ጎደሬ፣ ከፍ ያለው ላይ ስኳር ድንች፣ በአጥሩ ዙሪያ ደግሞ እንጨት ተደግፎ እንደ ሐረግ እየተጠመጠመ የሚወጣ ቦዬ የሚባል ሥራ ሥር። ጠዋት ወደዚያ ስንወርድ የጎደሬው ቅጠል ጤዛውን አቁሮ ይጠብቀናል፤ ወንድሜ ከቅጠል ወደ ቅጠል ጤዛውን እያንከባለለ ይጫወት ነበር። ከአባቴ ሱቅ ወደዚያ ማሳ ያለው መንገድ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው። ሆኖም አንዲት ፍሬ ዩሪያ ወደዚያ ወርዳ አታውቅም። ይህን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም፤ የሚደበቅ ሆኖ ሳይሆን ማንም ስላልጠየቀ።

የነገሩ መነሻ አያቴ ናቸው፤ የእናቴ አባት።

አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ የማዳበሪያ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ከረጢት ሲጭንና ሲያወርድ ይውል ነበር። ገበሬው አዲሱን ነገር አልገዛ ሲል ነጋዴው፣ "ሂድና በዓይናቸው አሳያቸው" ብሎ ወደ ወንዙ ዳር ሰደደው። ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ጥግ ይለምናል፣ በማዳበሪያ ያለማል፣ ሰዉ መጥቶ ይመለከታል። ሥራው ይኸው ነበር። ብዙዎቹ ገበሬዎች በፈገግታ ሸኙት። አያቴ ግን ከእግሩ እስከ ራሱ ሲያዩት ቆዩና፣ "ቦታ ነው የምትፈልገው? ና ላሳይህ" አሉት።

ያሳዩት ከመንገዱ ጥግ፣ ጠጠር የበዛበት፣ እንኳን ጎደሬ አረም የሚጠላው ቦታ ነበር።

"አባባ፣ እዚህ ላይ ምን ይበቅላል?" አላቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ ያለው አንተ ዘንድ አይደል?"

አባቴ ዶማ አነሣ። ጠጠሩን ለቀመ፣ ቆፈረ፣ ተከለ፣ ማዳበሪያውን ከሥሩ ራቅ አድርጎ እየበተነ አፈር አለበሰው። ዝናቡም አልከዳውም። ጊዜው ሲደርስ ቅጠሉ ዣንጥላ አከለ። ሲቆፈር ደግሞ የወጣው ጎደሬ እያንዳንዱ የሕፃን ራስ ያህላል። ጎረቤት ተሰብስቦ አፉን በእጁ ያዘ። አያቴ ከሰዉ መሃል ገብተው አንዱን አነሡ፣ አገላበጡ፣ ከራሳቸው ማሳ ደግሞ አነስ ያለ አንድ አወጡና ሁለቱንም ለልጃቸው ሰጧት። "ለየብቻ ቀቅለሽ አምጪ" አሏት። ልጅቷ የኔ እናት ናት።

ሁለት ሳህን መጣ። አያቴ ከአንዱ ቆርሰው አላመጡ፣ ከሌላው ቆርሰው አላመጡ። "ይሄ የኔው ጎደሬ ነው" አሉ። "ይሄ ያንተው ደግሞ ውኃ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ከሁለቱም ቀመሰ። ነጋዴው ቢሰማ በማግስቱ የሚያባርረው ነገር ከአፉ የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ "እውነትዎን ነው አባባ፣ የእርስዎ ይጣፍጣል። የኔ ግን ይበዛል። እናቴ ትንሽ ጎደሬ ለብዙ ልጅ ስታካፍል ነው ያደግሁት። ያን ጊዜ ጣዕሙን ማንም አልጠየቃትም።"

እንዲያ ነበር ያደገው። የእናቱ መሬት አርጅቶ፣ ከብትም አልነበራቸውና፣ ከአፈሩ የሚወጣው ጎደሬ የልጅ ጣት አያክልም ነበር። እሷ ለልጆቹ አድላ ስትጨርስ እሱ የተቀቀለበትን ውኃ ትጠጣና "ጠገብኩ" ትላለች። ለአባቴ ማዳበሪያ ማለት ከዚያ ድስት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ሲሸጥም እንጀራ ፍለጋ ብቻ አይመስለኝም ነበር፤ አንዲት ድሃ እናት ከረጢት ተሸክማ ከሱቁ ስትወጣ እያየ፣ እስክትጠፋው ድረስ በሩ ላይ ይቆማል።

አያቴ መልሱን ሰሙ። ከዚያ ለሰዉ ዞር ብለው፣ "ይሄ ልጅ ነጋዴ አይወጣውም" አሉ። እናቴ ከበሩ ጀርባ ሆና ሳቀች። አባቴ ሳቋን ሰማ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ማሳያው ተቆፍሮ ካለቀ በኋላም እየተመላለሰ ስለነበር፣ ምን ሊያሳይ እንደሚመጣ ጎረቤቱ ግራ ገባው። በመጨረሻ አያቴ ራሳቸው ጠሩትና አስቀመጡት።

"ልጄን እንደምትወዳት አውቃለሁ፤ እሷም አልጠላችህም፤ ዓይን አለኝ። ወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ለእሷ ሰጥቻለሁ። አንተ ሱቅ ከፍተህ የፈለግከውን ሽጥ። እዚያ ማሳ ላይ ግን ያቺ ነጭ ጨውህ እንዳትደርስ። ማል!"

"ልጅዎን ይንሳኝ!" አለ አባቴ።

"ገና መች ሰጠሁህና ነው የሚነሳህ?" ብለው ሳቁ አያቴ። ቢሳቅም አባቴ ምሏል፤ መሐላው ያዘ።

የእኔ ልጅነት እንግዲህ በሁለት ሽታ መሃል ነው ያለፈው። በሱቁ በር የአባቴ ዩሪያ፣ በጓሮው በር የእናቴ ብስባሽ። እናቴ የሚጣል ነገር አታውቅም። የምድጃው አመድ፣ የድንቹ ልጣጭ፣ የወደቀው ቅጠል፣ ከወተት ሻጯ በረት የሚመጣው ፍግ፣ ሁሉም ተደራርቦ ጉድጓድ ይገባል። በቅጠል ትሸፍነዋለች፣ ውኃ ታርከፈክፍበታለች፣ አልፎ አልፎ እንጨት ሰክታ ታወጣና በመዳፏ ጨብጣ፣ "አሁን ትኩሳቱ በረደለት" ትላለች፤ የታመመ ልጅ እንደምታስታምም። ብርድ ባለ ጠዋት ጉድጓዱ ሲከፈት እንፋሎት ይወጣው ነበር።

አባቴ ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ገና በሩ ላይ ሳለ ትጮህበታለች፤ "አንተ ሰውዬ! ሸሚዝህን እዚያው አውልቅ፤ ልጆቼን በዚያ ሽታ አታንቃቸው!"

"የኔ ሽታ ሆኖ ነው? ጎረቤቱ አጥሩን ከፍ ያደረገው እኮ በኔ አይደለም፣ ባንቺ ጉድጓድ ነው።"

"ጎረቤቱ ጎደሬ ሲደርስ ሳህን ይዞ የሚመጣበትን መንገድ ግን አላጠረም!"

እንዲህ እየተባባሉ ድስቱ ይወጣል። ትልቅ ድስት ነበር፣ ጀርባው የጠቆረ። ጎደሬው ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይመጣና ሁላችንም እጃችንን እየነፋን እንልጣለን። ጨውና ሚጥሚጣ በአንድ ትንሽ ሳህን መሃል ላይ ይቀመጣል። አባቴ ትልቁን ፈልጎ አያነሳም፤ እናቴ ናት መርጣ የምትሰጠው። ሲያላምጥ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ "የኔ ቢሆን ይሄን ድስት ሁለቴ ይሞላ ነበር።" እሷም ሁልጊዜ ትመልሳለች፤ "ያንተ ቢሆን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይተርፍ ነበር፤ ማን ይበላዋል?" ያን ጊዜ ይህ ንግግር ይሰለቸን ነበር። አሁን አንዴ ብሰማው ብዬ እመኛለሁ።

አንድ ዓመት የከብት በሽታ ገባና የአያቴን በረት ባዶ አደረገው። ላሞቹ በተራ በተራ ወደቁ። አያቴ በላሞቹ ሞት አላለቀሱም፣ ቢያንስ እኛ ፊት። ግን በሚቀጥለው ዝናብ ለራሳቸው ባስቀሩት ማሳ ላይ ያለው ጎደሬ ፍግ አጥቶ፣ ቅጠሉ ገርጥቶ፣ እንደታመመ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እናቴ ከጉድጓዷ ልታካፍላቸው ፈለገች፤ "ያንቺን ማሳ አራቁተሽ የኔን ልታለብሺ ነው?" ብለው ተቆጡ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቅ መጡ። አያቴ የዚያን ሱቅ ደፍ ረግጠው አያውቁም ነበር። እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራ እሠራለሁ። አባቴ ደንግጦ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጎ አቀረበላቸው። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ተናገሩ። ስለ ጉልበታቸው ተናገሩ። የተደረደረውን ከረጢት አያዩም፤ በር በሩን ነው የሚያዩት። አባቴም ስለ ዝናቡ መለሰላቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቃቸው። እንዲያው ሲቆዩ፣ አያቴ ምርኩዛቸውን አንሥተው "እንግዲህ ልሂድ" አሉ።

"አባባ" አለ አባቴ፣ "አንድ ነገር ላስቸግርዎት? አንድ ከረጢት ተቀዶብኛል። ለደንበኛ አልሸጠው፣ እዚህ ደግሞ ቦታ ይዞብኝ ተቸገርኩ። እዚያ በረትዎ ውስጥ ባስቀምጥልዎ?"

አያቴ ለረጅም ጊዜ አዩት። ወንድሜ ተልኮ ከጓዳ ሲያወጣው አየሁት፤ ከረጢቱ አልተቀደደም ነበር። አባቴ ወንድሜ እንዳይናገር በዓይኑ ገሠጸውና በጣቱ ጠርዙን ሰንጠቅ አደረገው።

"ይቀመጥልህ" አሉ አያቴ። "ለጊዜው ከሆነ።"

በዚያ ዓመት መከር ላይ ቤታቸው ተጠራን። ድስቱ ወጣ። አያቴ ቆርሰው አላመጡ፤ አባቴ መሬት መሬት ያያል፤ እናቴ አንድ ነገር ጠርጥራ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመለከታለች።

"ውኃ ነው" አሉ አያቴ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "ግን ድስቱ ሞልቷል" አሉና ለእኔ ትልቁን አነሱልኝ።

እናቴ ገባት። አባቷን ምንም አላለቻቸውም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ የአባቴን ክንድ ያዘች፤ ልጆቿ ፊት እንዲያ አድርጋ አታውቅም ነበር። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ባረፉ ጊዜ በረታቸው ውስጥ ግማሹ የቀረ ያ ከረጢት አፉ በጥንቃቄ ታስሮ ተገኘ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የገባሁ ሰሞን እናቴ ታመመች። ሆድ ዕቃዋ ውስጥ የሆነ ነገር በቅሏል ተባለና ትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ተወሰደች። አክስቴ አብራት ተቀመጠች። እኛ ሦስታችን ቤት ቀረን። ቤቱ ቅጥ አምባሩ ጠፋ። ልብስ አይታጠብም፣ ድስት ያርራል፣ አባቴ ሸሚዙን በሩ ላይ የሚያስወልቀው ሰው ስለሌለ ከነሽታው ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

እናቴ የታመመችው ጎደሬው ፍግ በሚያገኝበትና ሥሩ አፈር በሚለብስበት ጊዜ ነበር። ብስባሹን ያደራረበ ሰው ስላልነበረ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ከእፍኝ አይበልጥም። አንድ ቀን ሦስታችንም ወረድን። ማሳው ገርጥቷል። ወንድሜ ፊት ለፊት ተናገረው፤ "አባዬ፣ ሱቁ እኮ ሙሉ ዩሪያ ነው። ዛሬ ብንበትንለት በሳምንቱ አረንጓዴ ይሆናል። ማን ያያል?"

አባቴ አጎንብሶ አንድ ቅጠል በሁለት ጣቱ ያዘ። ያንን ሰውነቱን አሁንም አየዋለሁ፤ ትከሻው ወርዶ፣ ኮፍያው በብብቱ ሥር። የሚያውቀው መድኃኒት በእጁ ነው። ሕይወቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ያዘዘው እሱን ነው።

"ስትመለስ ትቀምሰዋለች" አለ።

"መመለሷን በምን እናውቃለን?" አለ ወንድሜ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

አባቴ አልተቆጣም። "ትመለሳለች ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን ብዬ ልሥራ?" አለና ሽቅብ ወጣ።

የወተት ሻጯ በረት ከገበያው ማዶ ነው። መንገዱ በዝናብ ጭቃ ስለሆነ ባለጋሪዎቹ አንገባም አሉ። አባቴ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ሰብስቦ ሄደ። ፍጉን ሞላባቸው፣ አፋቸውን አሰረ፣ አንዱን በጀርባው አዘለና በገበያው መሃል መጣ። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። ከረጢቱ ላይ በትልቁ "ዩሪያ" ተብሎ ተጽፏል፤ በስፌቱ በኩል ደግሞ ቡናማ ነገር በሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል።

መጀመሪያ ያየው ሚስማር ሻጩ ነው። "ጋሽ ዩሪያ! ዩሪያው ተበላሸብህ እንዴ? ሸተተ እኮ!"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው መንገድ ለቀቁለት። አባቴ አልቆመም፤ "ደኅና ዋላችሁ፣ ደኅና ዋላችሁ" እያለ አለፈ። አራግፎ ተመልሶ ሄደ። እንደገና መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ወንድሜን አንጀቱን በላው መሰለኝ፣ ሮጦ ሄዶ ሌላውን ከረጢት አዘለ። እኔ አካፋ ይዤ ማሳው ላይ ጠበቅኋቸው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሦስታችንም እንሸታለን። ከብዙ ሳምንት በኋላ ያን ቀን ሳቅን።

ወሬው ግን በማግስቱ መልኩን ለወጠ። "አያችሁ ጋሽ ዩሪያን? ለእኛ ጨው እየሸጠ፣ ለራሱ ቤት ፍግ ያደርጋል! አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።" ሱቁ ጭር አለ። ትናንት ከረጢት የገዙ ሰዎች ይዘውት ተመለሱና በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ከመካከላቸው አንዱ ኮስታራ ገበሬ፣ "እውነቱን ንገረን፤ ነገሩ መርዝ ነው?" አለው።

አባቴ ከሚዛኑ ኋላ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ልክ ነው፣ የተሸከምኩት ፍግ ነው" አለ። "ማሳው የሚስቴ ነው፤ ይሄ ነገር እዚያ አይደርስም ብዬ ለአባቷ ምያለሁ። ከብት ያለው፣ ጉልበትና ጊዜ ያለው ፍግ ያድርግ፣ ከኔ አይግዛ። መሬቱ ይወደዋል። የሌለው ደግሞ በልኩ ከኔ ይውሰድ። ስታበዙት መሬት እንደሚጎዳ ሁልጊዜ ነግሬአችኋለሁ፤ ቢሆንም ሲያበዛ ያየሁት ሰው አለ።"

"ታዲያ የቱ ነው የሚሻለው?"

"ለአፍህ ነው ወይስ ለጆንያህ?"

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ይሄኔ ከሱቃችን ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋው ሴት መቀሷን እንደያዘች ተነሥታ መጣች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በስፌት መኪናዋና ከቤቷ ጀርባ ባለች የተራቆተች ቁራሽ መሬት ነው ያሳደገችው።

"እናንተ ከብት ያላችሁ ሰዎች ተውን እስቲ!" አለች። "እኔ ላም የለኝ፣ በሬ የለኝ። ያለኝ የስፌት መኪና ነው። የስፌት መኪና ደግሞ ፍግ አይጥልም!"

ኮስታራው ገበሬ እንኳ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ልጆቼ ካሳቫና ጎደሬ የጠገቡት ከዚህ ሰውዬ በወሰድኩት ነው። አንድም ቀን ከሚያስፈልገኝ በላይ ሸጦልኝ አያውቅም። ብዙ ስጠይቀው እንኳ 'ይበቃሻል' ብሎ መልሶኛል። አሁን የታመመች ሚስቱን ማሳ ስለተንከባከበ ነው የምትከሱት?"

አንዳንዱ ከረጢቱን መልሶ ተሸከመ። አንዳንዱ ጥሎ ሄደ፤ ጭራሽ ያልተመለሱ ደንበኞችም ነበሩ፣ አባቴም ተመለሱ ብሎ አልለመነም። ልብስ ሰፊዋ ወደ መኪናዋ ስትመለስ ግን እስክትቀመጥ ድረስ ቆሞ አያት።

እናቴ ተመለሰች። ከስታ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ በአክስቴ ትከሻ ተደግፋ። ለብዙ ጊዜ ከቤት ወደ ማሳው መውረድ አልቻለችም፤ በጓሮው በር ላይ ወንበር አውጥተንላት ከላይ ሆና ትመለከተው ነበር። ጎደሬው ሲደርስ አባቴ ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ቀቀለ። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠና ፊቷ ቆመ፤ ፈተና እንዳስረከበ ተማሪ።

አላመጠች። እንደ አባቷ ደግማ ቆረሰች።

"እህሳ?" አለ አባቴ።

"ከተማው ሁሉ የነገረኝን ካንተ አፍ እስክሰማ እየጠበቅሁ ነው።"

"ምኑን?"

"በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ፍግ ተሸክመህ ማለፍህን።"

"እንዲያውም ያን ያህል አልከበደኝም።"

"ፍጉን ጉድጓድ ውስጥ ሳታበስለው ነው ያደረግኸው" አለች። "እዚህ ጋ ጎደሬውን ነካ አድርጎታል።" ወዲያው ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። እኔ በጎን ነበርኩና እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ አየኋት። ሳህኑን ግን ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ደግ ነበሩ። እኔ ተምሬ ሥራ ይዤ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ወንድሜ ሱቁን ከአባቴ ተረከበ። ከተማውም እየሰፋ ወንዙን ተሻገረ። አንድ ቀን መንገድ ቀያሾች መጥተው በእናቴ ጎደሬ መሃል ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ተከሉ።

የመጨረሻውን መከር ለመቆፈር ሁላችንም መጣን። ልጆቼ ጭቃ ውስጥ ተንከባለሉ። እናቴ ጎደሬውን ለመብል ከማለት ይልቅ ለዘር ስታካፍል ዋለች፤ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራች "ና ውሰድ፣ አንቺም ነይ ውሰጂ" ትላለች። ልብስ ሰፊዋ መጥታ አንድ ዘምቢል ሞልታ ወሰደች። አባቴ ቦዬው የተጠመጠመባቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ከላያቸው ላይ ሐረጉን እየፈታ፣ ለማንም ሳይናገር አጥሩን ዞረው። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ አስፋልት ነበር፤ መኪና በእናቴ ስኳር ድንች ላይ ያልፍ ነበር።

ወንድሜ ከዩሪያው ጎን በፕላስቲክ የታሸገ፣ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት ሌላ ከረጢት መሸጥ ጀመረ። እናቴ አንድ ቀን ሱቅ ገብታ ጽሑፉን አስነበበችው።

"ኦርጋኒክ ማዳበሪያ ይላል" አላት።

"ኦርጋኒክ ምን ማለት ነው?"

ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው አባቴ መለሰ። "ያንቺ ጉድጓድ ማለት ነው።"

"የኔ ጉድጓድ!" ከረጢቱን በጣቷ ቀድዳ አሸተተችና አፏን ይዛ እስክትንፈራፈር ሳቀች። "ገዝተው ነው የሚወስዱት? በገዛ እጃቸው ፍግ ይገዛሉ?"

"ያን ጊዜ አጥሩን ከፍ ያደረገው ጎረቤታችን ደንበኛ ሆኗል" አለ ወንድሜ።

አባቴን እርጅና የነካው በምላሱ ነው። ጨውና ስኳር መለየት አቃተው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ፤ እናቴ ዩሪያው ነው አለች። ምግብ ቀርቦለት ዝም ብሎ ያላምጣል፣ እንደ ግዴታ። አንድ ቀን ከገበያ የገዛችውን ጎደሬ ቀቅላ አቀረበችለትና፣ ሲያላምጥ ፊቱን አይታ፣ ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች። "የዛሬው ደረቅ ያለ ነው። ጥርስ ሲነካው ይፈረፈራል። መጨረሻ ላይ ለውዝ ለውዝ ይላል።" አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። "አዎ" አለ፤ "አዎ፣ አሁን መጣልኝ።" ከዚያ ወዲያ በየማዕዱ ልማድ ሆነ። እሷ ትቀምሳለች፣ እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ይበላል።

እናቴ ቀድማው አረፈች፤ ያቺ የድሮ ሕመም ተመልሳ ነው የወሰደቻት። አባቴ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ብቻውን ቀረ። ወንድሜና ሚስቱ ይንከባከቡታል፤ እኔም በተቻለኝ መጠን እመላለሳለሁ። ባለፈው ክረምት ስሄድ ከጉልት ጎደሬ ገዝቼ ቀቀልኩለት። ልጬ በእጁ አስያዝኩት።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ጥሩ ነው፣ አባዬ።"

"ጥሩማ ሁሉም ጥሩ ነው። ንገሪኝ እንጂ።"

እናቴ ትዝ አለችኝ። ከሱ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ቆረስኩ፣ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። "ትንሽ ውኃ ይዟል" አልኩት። "ዳር ዳሩ ግን ጠንከር ያለ ነው። መጀመሪያ ምንም አይልም… ከዚያ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ ዝናብ አሁን የመታው ጭቃ።"

ማላመጡን አቆመ።

"ቀጥይ" አለኝ።

ቀጠልኩለት።